የሁሩታው ቅርጫት

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቆረጥኩና ሠፈራችን ካለው ፋርማሲ ጎራ አልኩ። ልጅቷ ጥጡን አዮዲን ነክራ ቁስሌን ስትጠርግልኝ ሽታው አፍንጫዬን ሰንጎ ያዘኝ። "እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። "የለም የኔ ልጅ፣ እንቁላል አስታወስሽኝ" አልኳት። ምን ትበል? ፈገግ ብላ ፕላስተሩን ለጠፈችልኝ። በልቧ "እኚህ ሴትዮ ጃጅተዋል" ሳትል አልቀረችም፤ እኔም ሳልጃጅ አልቀረሁም። ግን እውነቴን ነው። ለኔ አዮዲን ማለት እንቁላል ነው፣ እንቁላል ማለት ደግሞ ጋሽ ገመዳ ናቸው። ቤቴ እስክገባ ድረስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

አዳማ ያኔ ናዝሬት ነበረች። ዛሬ ፎቁ ፎቁን እየጋረደው ፀሐይ የምትወጣበት ጠፍቶብኛል፤ ያኔ ከመናኸሪያው ቆመሽ ስታዪ ከተማዋ እስከ ባቡር ጣቢያው አንድ ረድፍ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረች። በአሥር ሳንቲም ጋሪ ተሳፍረሽ፣ ፈረሱ እያነጠሰብሽ፣ አቧራውን እየቃምሽ የፈለግሽበት ትደርሻለሽ። በስሙኒ ማኪያቶ ትጠጫለሽ። ፓፓያ እንደ ዛሬው በኪሎ አይመዘንም፤ እጅሽ የቻለውን መሸከም ነው። እኛ ጸጉራችንን አበጥረን ክብ አድርገን፣ የቴትሮን ቀሚስ በቀበቶ አጥብቀን፣ እሁድ ከሰዓት አንዱን መንገድ አሥር ጊዜ እንመላለስበት ነበር። ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱን ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይደጋግመዋል፤ እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ፣ ዘፈን አልሰማም ባይ ነኝ፣ ግን ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቀው ነበር። የኛ ጸሎት ቤት በሩ ታሽጎ ስለነበር በየሰው ሳሎን መስኮት ዘግተን ቀስ ብለን እንዘምራለን። ላባችን በጀርባችን ይወርዳል። የናዝሬት ሙቀት ላይ ዝግ መስኮት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የምርምር ጣቢያ ነበር። ሥራችን የቫይረስ መድኃኒት ፍለጋ ነው። ዛሬ ቫይረስ ሲባል ሕፃኑም ያውቃል፤ ያኔ ግን ለሰው ማስረዳት ፈተና ነበር። አባቴ አስተማሪ ሆነው ሳሉ እንኳ ለዘመድ ሲያስተዋውቁኝ "ሶስና የዶሮ ሐኪም ሆናለች" ይሉ ነበር። ውሸትም አይደለም። ዶሮ የሚፈጀውን ፈንግልን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቤት ከገባ በሳምንት መንደሩን ያራቁታል። ፈንግል ቫይረስ ነው። እሱን የሚገታ ነገር ከተገኘ ነገ የሰውን ቫይረስ የሚገታ ይገኛል ብለን ነበር የተነሳነው። በሠለጠነው አገር ይህንን በጠርሙስ ውስጥ ሕዋስ አሳድገው ይፈትናሉ። እኛ ጠርሙሱም፣ ለጠርሙሱ የሚጨመረውም ፈሳሽ የለንም። እንቁላል ግን አለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አውራ ያገኛትን ዶሮ እንቁላል ታመጫለሽ፣ ሙቅ ሣጥን ውስጥ አሥር ቀን ታስተኚዋለሽ። ጨለማ ክፍል ገብተሽ መብራት ላይ ስትይዢው ጫጩቱ በቀይ የደም ሥር መሀል ሲንቀሳቀስ ይታያል። ቅርፊቱን በአዮዲን ታጥቢዋለሽ፣ ትንሽ ቀዳዳ ትበሺለታለሽ። ለአንዱ ወገን ቫይረሱን ከመድኃኒቱ ጋር በመርፌ ትሰጪያለሽ፤ ለሌላው ወገን ቫይረሱን ብቻ። ቀዳዳውን በሻማ ትደፍኛለሽ። መድኃኒቱ ከሠራ ያኛው ሲሞት ይህኛው ይተርፋል። ቫይረሱን የምናቆይበት በረዶ ደግሞ የሚመጣው ከዝዋይ አሣ ከሚያመላልሰው መኪና ነበር። ሾፌሩ በየሰኞውና በየሐሙሱ አንድ ጆንያ በረዶ ያካፍለናል። ስለዚህ የኛ ሳይንስ ከላይ አዮዲን፣ ከታች አሣ አሣ ይሸት ነበር።

ጋሽ ገመዳ የላቦራቶሪው ረዳት ነበሩ። የሁሩታ ሰው ናቸው፤ ትምህርታቸው አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፣ ዕድሜያቸው ያኔ ሃምሳን አልፏል፣ አራት ልጆች አላቸው። የካኪ ጋውናቸው ተተኩሶ ስለት ያወጣል፣ እርሳሳቸው ከጆሯቸው አይለይም። እኔን "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው በኦሮምኛ። እንቁላል አያያዛቸውን ብታዩ! አራት አራት በአንድ እጅ አንስተው አንዱም አይጋጭም። የምንፈትነውም ቅጠል የመጣው በእሳቸው በኩል ነበር፤ አክስታቸው ሁሩታ ላይ ፈንግል ሲገባ ቀቅለው ለዶሮዎቻቸው የሚያጠጡት ቅጠል ነው። ስሙን አልናገርም። ብናገር ነገ ጠዋት ግማሹ አዳማ ሲቀቅል ይገኛል፣ ሰዉን አውቀዋለሁ።

የዚያን ዓመት አንድ ትልቅ ነገር ከፊታችን ነበር። ከአዲስ አበባ ኮሚቴ ይመጣል። ቅጠሉ ከሠራ ጣቢያው ገንዘብ ያገኛል፣ እኔ ደግሞ አራት ዓመት ውጭ አገር ሄጄ የቫይረስ ትምህርት እማራለሁ። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ፈለቀ፣ ሲጋራ ከአፋቸው የማይለይ ቀጭን ሰው፣ "የስምሽ ጉዳይ አልቋል፣ የቀረው ውጤቱ ነው" አሉኝ። አገሩ በረዶ ነው አሉ። እኔ ሞኟ ምን አደረግኩ? ሰልባጅ ተራ ሄጄ በሠላሳ ብር ጥቁር ካፖርት ገዛሁ፣ ባለ ፀጉር ኮሌታ። በናዝሬት ፀሐይ! እናቴ ብል እንዳይበላው በየቅዳሜው ገመድ ላይ ታሰጣዋለች፤ የሠፈር ሴቶች እየመጡ በየተራ ይለኩታል፣ ላብ በላብ ሆነው እየሳቁ ይመልሱታል። ላም አለኝ በሰማይ ይሏችኋል ይህ ነው።

እንቁላሉን ያመጡት ጋሽ ገመዳ ናቸው፣ ከአክስታቸው መንደር፣ በአውቶቡስ፣ ጭድ ውስጥ ቀብረው። እኔ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ዶሮዎቹ ክትባት አያውቁም አይደል?" "ክትባት? እኛስ መቼ አወቅን?" ብለው ሳቁ። ደስ አለኝ። የተከተበች ዶሮ እንቁላል ለኛ ሥራ አይሆንም፤ ይህን ከመጽሐፍ ተምሬአለሁ። እንቁላሉን ለሁለቱ ወገን መመደቡንና ቁጥር መጻፉን ለእሳቸው ተውኩላቸውና ወደ መርፌዬ ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ጨለማው ክፍል ገብተን አንድ በአንድ መብራት ላይ ያዝናቸው። ቫይረስ ብቻ የተሰጣቸው ሁሉም ሞተዋል። ቅጠሉን ያገኙት ከሁለት በቀር ሁሉም ይንቀሳቀሳሉ። ዶክተር ፈለቀ ሲጋራቸውን ረግጠው አጥፍተው ራሳቸው መብራቱን ያዙ፣ ደግመው አዩ፣ ከዚያ ሁላችንንም ከተማ ወስደው ፓስታ ጋበዙን። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የኛ ግን ከነ ካፖርቱ በአውሮፕላን ሊሄድ ነው" አሉ። ቀልድ ሲያወሩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህ ሐሙስ ነበር። ኮሚቴው የሚመጣው ሰኞ ነው። ዓርብ ምሳ ሰዓት ከጋሽ ገመዳ ጋር ግራሩ ሥር ተቀምጠን ምሳችንን እንበላለን። እሳቸው ስለ አክስታቸው ያወራሉ፤ እኔ በሐሳቤ በረዶ ላይ እየሄድኩ ነው። ድንገት "አክስቴ እኮ የእናት ዶሮዎቹን ቅርጫት አልሰጥም ብላኝ ነበር፣ ለምኜ ነው" አሉ።

"የምን የእናት ዶሮዎች ቅርጫት ነው ጋሽ ገመዳ? እንቁላሉ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?"

"እንዴት አንድ ይሆናል! አንዱ የእናት ዶሮዎቹ ነው፣ አንዱ የቄቦቹ።"

ቄብ መጣል የጀመረች ጮርቃ ዶሮ መሆኗን እንኳ አላውቅም ነበር። ለኔ ለከተማ ልጅ እንቁላል እንቁላል ነው፤ ትልቅም አለ፣ ትንሽም አለ። "ታዲያ እንዴት መደቧቸው?" አልኳቸው።

"የእናቶቹን ለመድኃኒቱ፣ የቄቦቹን ለሞት። መሞታቸው ካልቀረ ምርጡን ማን ያባክናል?"

"እናት ዶሮዎቹ... ዓምና ሁሩታ ፈንግል ሲገባ ነበሩ?"

"ነበሩ እንጂ። መንደሩ ሲያልቅ የተረፉ ናቸው። እንዲህ ያለች ዶሮ ገበያ አትወጣም፣ አትታረድም።" እጃቸው ላይ ያለው ጉርሻ ቆመ። ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ የምሳ ዕቃቸውን ከድነው ተነሡ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ከፈንግል የተረፈች ዶሮ ሰውነቷ መከላከያውን አበጅቷል፤ ያንን መከላከያ በአስኳሉ አድርጋ ለጫጩቷ ትሰጠዋለች። በሽታው ራሱ ከትቧታል ማለት ነው። ቄቦቹ ግን ከበሽታው በኋላ የተፈለፈሉ ናቸው። እኔ ስለ መርፌው ክትባት ጠይቄ ስለ በሽታው ሳልጠይቅ ቀረሁ። ስለዚህ ጫጩቶቹን ያዳነው ቅጠሉ ይሁን እናቶቻቸው፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ውጤቱ ባዶ ነው። ብናገር ጉዞዬ ቀረ። ዝም ብል እሄዳለሁ፤ ማንም የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ ሌላ ነገር አለ። ያን ጊዜ ስህተት የሚባል ነገር ብዙም አልነበረም፤ ነገር ከተበላሸ ስሙ አሻጥር ነው። የእህል መጋዘን ጠባቂው ጎረቤታችን በቆሎ ነቀዘብህ ተብሎ ከተወሰደ ዓመት አልፎት ነበር፣ ሚስቱ ስንቅ ማመላለስ አልተወችም። እንቁላሉን የመደቡት ጋሽ ገመዳ ናቸው ብል እሳቸውም እንደ ጎረቤታችን ሊወሰዱ ይችላሉ።

አልዋሽም፣ ዝም ልበል ብዬ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ በከተማው ስዞር ዋልኩ። ጋሪ ላይ ወጥቼ ወረድኩ፣ ያ ድምፅ ማጉያ ያንኑ ዘፈን ይደጋግማል፣ እኔ ራሴን አሳምናለሁ፤ ሄጄ ተምሬ ስመለስ አስተካክለዋለሁ እላለሁ። ቤት ስገባ እትዬ ዘነበች፣ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ ሳሎን ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ልጃቸውን የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሰንብቷል። ትንሽ ጠርሙስ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል። "ሶስናዬ፣ ለቫይረስ መድኃኒት አገኛችሁ አሉ። የልጄም እሱ ነው ብሎኛል ሐኪሙ። ሐኪም ቤት የሚሉት ዝም ብለህ ተኛ ነው። እባክሽ ጠብታም ብትሆን" አሉኝ። ወሬው በሁለት ቀን ግድግዳ አልፎ እዚያ ደርሷል። ጠርሙሱን አየሁት፤ ታጥቦ፣ ፈልቶ፣ ንጹሕ ሆኖ ነበር። "እትዬ፣ ገና አልተረጋገጠም፣ ሐኪሙ ያለዎትን ያድርጉ" አልኳቸው። ያላመኑኝ መሆናቸው ያስታውቅ ነበር፤ ለራሷ ዘመድ አስቀምጣ ነው ብለው ይሆናል። ውሳኔዬ ያለቀው ያኔ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ገመዳን በረዶ እንዲያመጡ ሆን ብዬ ከአሣው መኪና ጋር ዝዋይ ላክኋቸው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ዶክተር ፈለቀ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ንግግር ካደረጉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። ቆምኩና "ውጤቱ አይታመንም" አልኩ። ስለ እናት ዶሮዎቹና ስለ ቄቦቹ አስረዳሁ። "እንቁላሎቹን የመደብኩት እኔ ነኝ። ባለማወቅ የተሠራ የኔ ስህተት ነው።" ከሦስቱ አንዱ፣ ካኪ ሙሉ ልብስ የለበሰው ሰውዬ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ በጣቱ ነካ አደረገና "ምደባው እዚህ ተጽፏል። የማን እጅ ጽሑፍ ነው?" አለ። የጋሽ ገመዳ ፊደል ከሩቅ ይለያል፤ ትልልቅ ነው፣ እንደ ተማሪ ደብተር ተጠንቅቆ የተሣለ። ዶክተር ፈለቀ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። "የእሷ ነው" አሉ። "ፊደሏ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።" ከዚያ ዘጉትና መሳቢያ ውስጥ ቆለፉት።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ትምህርቱ ለሌላ ሰው ሄደ። እናቴ ካፖርቱን ለአንድ የአርሲ ነጋዴ ሸጠችው፤ ለአሰላ ብርድ ይሆነዋል ብላ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ፣ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ በር ተማርኩ፤ ሌላ አለቃ፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ጊዜ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅጠል፣ ሥርና ልጥ ስፈትን ኖርኩ። አንዲት ክኒን አላወጣሁም። ሰው "ምን ሠራሽ?" ሲለኝ "ይህ አይደለም፣ ይህም አይደለም ስል ኖርኩ" እላለሁ፤ ይስቃሉ። የዛሬ ልጆች መሣሪያቸው ብቻውን ያስባል፣ በአንድ ከሰዓት የኔን የዓመት ሥራ ይጨርሳሉ። እኔ ግን አሁንም ውጤት ሊያሳዩኝ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ማን እንዴት እንደ መደበው ነው። "እማማ ሶስና ጀመሩ" ይባባላሉ። ይበሉ።

ነገሩ ግን በኮሚቴው አላበቃም። ለጋሽ ገመዳ ምንም አልነገርኳቸውም፤ "ኮሚቴው አልተቀበለውም" ብዬ ብቻ አለፍኩት። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ቆየን። እሳቸው ከበፊቱ ዝምተኛ ሆኑ፣ እኔ ደግሞ ባየኋቸው ቁጥር በሆዴ "ይቺን ነፍስ እኮ ያተረፍኳት እኔ ነኝ" እያልኩ እኮራ ነበር። ኩራትም አንዳንዴ ምሳ ይሆናል። ከዚያ ዶክተር ፈለቀ ሙከራው እንዲደገም ፈቀዱ። የቄብ እንቁላል ብቻ አስመጣሁ፣ ራሴ ቀላቅዬ በዕጣ መደብኩ። በአራተኛው ቀን ከጋሽ ገመዳ ጋር ጨለማው ክፍል ገባን። እሳቸው እያነሱ ያቀብሉኛል፣ እኔ መብራቱ ላይ እይዛለሁ። አንዱ ሞቷል። ሁለተኛው ሞቷል። ቅጠሉን ያገኘውም ያላገኘውም እኩል ሞቷል። የመጨረሻውን ሳስቀምጥ ልዋሻቸው፣ ሌላ ምክንያት ልፍጠር ብዬ ነበር፤ ያን ቀን ግን መዋሸት ሰልችቶኛል።

"ጋሽ ገመዳ፣ ቅጠሉ አይሠራም። ያን ጊዜ ያዳኗቸው እናቶቻቸው ናቸው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ጥግ ካለው የጋዝ ጣሳ ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "ፈንግል ያለፋት ዶሮ ጫጩቶቿ ለጊዜው አይነኩም። ሁሩታ ውስጥ ይህን የማያውቅ ዶሮ ያረባ ሰው የለም። የአክስቴ ቅጠልም እንደማይረባ አውቅ ነበር፤ ዓምና ያጠጣቻቸው ዶሮዎች እኮ አብዛኞቹ አልቀዋል። መሞታቸው ካልቀረ ብዬ ምርጡን ላለማባከን ነው ያልኩሽ ውሸት ነው፣ ኢንተላ ኮ። መድኃኒቱን ላግዘው ብዬ ነው።"

"ለምን?"

"እናትሽ ያንን ካፖርት ገመድ ላይ ስታሰጣ በጋሪ ሳልፍ አይቼ ነበር። አንቺ እንድትሄጂ ብዬ ነው።" መሬት መሬቱን አዩ። "ኮሚቴው ፊት እኔ ነኝ ማለትሽን የዚያኑ ዕለት ሰምቻለሁ። ዶክተር ነግረውኛል። ላንቺ መናገር አፈርኩ።"

ሁለት ወር ሙሉ እኔ እሳቸውን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰውየው አራት ልጅ ይዘው፣ ቢታወቅ የሚመጣውን ከኔ የበለጠ እያወቁ፣ እኔ በረዶ አገር እንድደርስ አንገታቸውን ቀድመው ሰጥተዋል። ላመሰግናቸው አልቻልኩም፤ የሠሩት ልክ አልነበረም። ልቆጣቸውም አልቻልኩም፤ እንዲህ አድርጎ የወደደኝ ሰው ከዚያ በፊት አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ አላገኘሁም። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ተነሡ፣ ፊታቸውን በጋውናቸው እጅጌ ጠረጉ፣ መዝገቡን አምጥተው ፊቴ ዘረጉትና እርሳሱን ከጆሯቸው አውጥተው ሰጡኝ።

"ሁሉም ሞተዋል ብለሽ ጻፊ" አሉኝ።

ጻፍኩ።